ስኮርታ ጎማ ወይስ የመጠገኛ ኪት?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጎማ ነው። ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ መኪናው ውስጥ ምን መገኘት አለበት የሚለውን አብረን እናያለን።

ጥያቄው ለእኛ አዲስ ነው። ቀደም ሲል መኪና የሚገዛ ሰው ስኮርታ ጎማ አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም ነበር። መኖሩ የታወቀ ነው፤ የሚያየው ጥርሱ አልቋል አላለቀም የሚለውን ነው። አሁን ግን የኋላውን ምንጣፍ ሲገልጥ ጎማው ይቀመጥበት በነበረው ጎድጓዳ ቦታ አንድ ጠርሙስ ነጭ ፈሳሽና አንዲት ትንሽ መንፊያ፣ ማለትም የመጠገኛ ኪት፣ ያገኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ስኮርታ የላቸውም። ባለቤቱ ታዲያ ይህ ጠርሙስ ይበቃኛል ወይስ ስኮርታ ልግዛ እያለ ይጨነቃል። ስኮርታ ያለው ደግሞ፣ ይህን ከባድ ዕቃ አውጥቼ ቤት ባስቀምጠው ለጭነት ቦታ አገኝ ነበር፣ ኪት ገዝቼ ብገላገልስ ይላል።

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በእኛ በወልዲያና በመርሳ አካባቢ መንገድ ስኮርታ ጎማ ያስፈልጋል፤ ኪቱ አጋዥ ነው። አንዱ ሌላውን ይተካል ብሎ የሚወጣ ሰው ከአስፋልቱ እስካልወጣ ድረስ ይቀናው ይሆናል፤ ከወጣ ግን መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት መጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ ይዞ እየዞረ መመሪያውን አንድም ቀን ገልጦ አላነበበውም።

ፈሳሹ በአብዛኛው ላቴክስ ነው፤ ከላስቲክ ዛፍ የሚገኝ ወተት የመሰለ ነገር፣ በብርድ እንዳይጠጥር ግላይኮል የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት። በቫልቩ በኩል ወደ ጎማው ይገባል፤ መንፊያዋም ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ኃይል እየወሰደች ጎማውን ትነፋለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ፈሳሹ በጎማው ውስጥ ይዞራል። አየሩ በቀዳዳው ሊያመልጥ ሲል ፈሳሹን ይዞ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ላስቲኩ ቁስል ላይ እንዳለ ደም ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሥራው የሚፈጸመው ጎማው እየተሽከረከረ ስለሆነ ነፍቶ ቆሞ መጠበቅ ፋይዳ የለውም። ወዲያው ተነሥቶ በዝግታ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም 10 ደቂቃ መንዳት፣ ከዚያ ቆሞ የአየሩን መጠን መለካት ነው። ከ1.3 ባር በታች ወርዶ ከተገኘ ጉዳቱ ከጠርሙሱ አቅም በላይ ነው፤ ጉዞው እዚያው ያበቃል። አየሩን ከያዘ ግን እስከሚፈለገው መጠን ሞልቶ፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ ወደ ቅርቡ ጎሚስታ መሄድ ነው። በአብዛኞቹ መመሪያዎች ላይ የተጻፈው ርቀት ቢበዛ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ ከወልዲያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልዲያ ደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱን ብቻ ላየ ሰው ጠርሙሱ ተርፎ ይበቃል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኪት የያዘ ሰው አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህ ነገር የትኛውን ቀዳዳ ይደፍንልኛል ብሎ ነው።

የሚደፍነው ጎማው መሬት በሚነካበት በጥርሱ በኩል የገባ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ አምራችማ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ያቆመዋል። ሚስማር፣ ቀጭን ብረት፣ እሾህ ማለት ነው። የጎማው ጎን ከተቀደደ አይሠራም። ጎማው ከቸርኬው ከወጣ፣ ወይም ቸርኬው ጉድጓድ መትቶ ከተጣመመ አይሠራም። ጎማው ተንፍሶ ሳለ ከተነዳበትም ተስፋ የለውም፤ ጎኑ በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ሲታሽ ውስጡ ያለው ክር ይበጣጠሳልና። ከውጭ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ውስጡ ግን ዱቄት ሆኗል። ስለዚህ መኪናችሁ ወደ አንድ ጎን መሳብ ሲጀምር፣ መሪው ሲከብዳችሁ፣ «ጎሚስታው ጋ እስክደርስ» አትበሉ። ለመቆም የሚያመች ቦታ ፈልጋችሁ ቶሎ ቁሙ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ጎማው ላይ ሚስማር ተሰክቶ ካያችሁ አትንቀሉት። የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጉጠት ነው። ሚስማሩ እዚያው እስካለ ድረስ ቀዳዳውን በከፊል ዘግቶታል፤ አየሩ በዝግታ ነው የሚወጣው። እየነፉ እየለኩ ጎሚስታ ድረስ መሄድ ይቻላል። መጠገኛ ፈሳሹም ቢሆን የሚረዳው ሚስማሩ በቦታው ሲኖር ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. እነዚህን ኪቶች ፈትሾ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ የበሳው ነገር ጎማው ውስጥ እንዳለ ሲሞከር ይደፍናል፣ ተነቅሎ ቀዳዳው ባዶውን ሲቀር ግን ያስቸግራል።

(አጭር የሙዚቃ ጣልቃ)

አሁን በሐሳብ ወደ መንገዳችን እንውጣ። ከወልዲያ ተነሥቶ በስሪንቃ ወደ መርሳ፣ ከዚያ በውርጌሳ አድርጎ ወደ ውጫሌና ሐይቅ የሚሄደው ዋናው አስፋልት ላይ ለጎማ የሚያሠጋው ሚስማርና ከጭነት መኪና የወደቀ ቁርጥራጭ ብረት ነው። በዚህ መስመር ከተማው ተቀራራቢ ነው፤ ጎሚስታ ለማግኘት ብዙ አይኬድም። እውነቱን ለመናገር እዚህ መስመር ላይ ብቻ ለሚመላለስ፣ ቤቱም ሥራውም አስፋልት ዳር ለሆነ ሰው ጥሩ ኪት ይበቃዋል ብል ስህተት አይሆንም።

አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ጊራና ወይም ወደ ሌሎቹ የሀብሩ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠጠሩ የተፈለጠ ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ክረምት ላይ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ሲወስደው ድንጋዩ ሾሎ ይቀራል፤ ጎማው በጎኑ ታክኮት ሲያልፍ ይተለተላል። እንዲህ ዓይነቱ ቁርጥ ጣት ያስገባል። ሙሉውን ጠርሙስ ብትገለብጡበት ፈሳሹ መሬት ላይ ይፈስሳል እንጂ አይደፍነውም። እዚያ ቦታ ላይ ያለ ስኮርታ የቆመ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ መኪናውን ጥሎ መሄድ፣ ወይም መኪናው ውስጥ ማደር። በዚህ ዘመን ደግሞ መሽቶበት መንገድ ላይ መቆም የሚፈልግ ማን አለ?

ወደ ምሥራቅ በሐራ በኩል ወደ ጭፍራ የምትወርዱት ደግሞ የፕሮሶፒስን እሾህ ታውቁታላችሁ። ያ ዛፍ የአፋርን ሜዳ እየወረረ የመጣ ነው፤ እሾሁ ጠንካራ ስለሆነ ጎማ ይበሳል። የእሾህ ቀዳዳ ቀጭን ነው፣ ፈሳሹ ይደፍነዋል። ችግሩ እሾህ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። አንድ ቅርንጫፍ የረገጠ ጎማ ሦስት አራት ቦታ ሊበሳ ይችላል፤ የኋላው ጎማም በዚያው ነው የሚያልፈው። ጠርሙሱ አንድ ነው፣ ለአንድ ጎማ ብቻ። ስኮርታም አንድ ነው። ስለዚህ በዚያ መስመር ሁለቱንም የያዘ ሰው ነው እፎይ ብሎ የሚሄደው። በምዕራብ በኩል ድልብን ወጥታችሁ ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ለገና ወደ ላሊበላ የምትጓዙትም እንዲሁ ናችሁ፤ መኪናው በሰውና በጓዝ ሞልቶ ያን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ጎማው የሚሸከመው ቀላል አይደለም።

ለነገሩ ስኮርታ ጎማ ድሮም ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ስኮርታ አልነበራቸውም። መንገዱ የፈረስና የጋሪ ስለነበር ከፈረስ ኮቴ የወለቀ ሚስማር ሞልቶበታል፤ ጎማው በተበሳ ቁጥር ባለመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጦ ራሱ ይለጥፋል። በ1904 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ፣ ቶማስ ሞሪስ ዴቪስና ወንድሙ ዋልተር ተነፍቶ የተዘጋጀ ጎማ ያለበት ቀለበት ሠርተው በተነፈሰው እግር ጎን የሚታሰርበትን ዘዴ አወጡ። ስቴፕኒ ብለው ሰየሙት፤ በሕንድ ሰው እስከ ዛሬ ስኮርታን በዚያ ስም ይጠራዋል። ስኮርታ የተፈጠረው እንግዲህ መንገድ ዳር ተቀምጦ መለጠፍን ለማስቀረት ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ አምራቾቹ ለምን አወጡት? ጎማ ከነቸርኬው፣ ከክሪኩና ከመፍቻው ጋር 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ ሲቀንስ መኪናው የሚፈጀው ነዳጅ ወይም የባትሪ ኃይል በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቦታም ይገኛል፤ ለፋብሪካውም ወጪ ይቆጥብለታል። በአሜሪካ የ2015 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሆነው ከቀረቡት መኪኖች ከሦስት አንዱ በላይ ያለ ስኮርታ የሚሸጥ ነበር። ያ ሒሳብ የተሠራው ግን ስልክ ሲደወል ጎታች መኪና ለሚደርስበት አገር ነው። አንዳንድ መኪና ደግሞ ተንፍሶም 80 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ መሄድ የሚችል ጎነ ጠንካራ ጎማ ይገጠምለታል፤ እሱም ጎኑ በድንጋይ ከተቀደደ ከሌላው አይሻልም።

አሁን ስኮርታ ለሌለው መኪና ስኮርታ ልትገዙ ብትነሡ ምን ታያላችሁ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ቸርኬው ከመኪናው ጋር መግጠም አለበት፤ የብሎኑ ቁጥር፣ በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋት። አንዱ መኪና አራት፣ ሌላው አምስት፣ ሌላው ስድስት ብሎን አለው። አምስት ብሎን ሆኖም ርቀቱ በትንሽ ሚሊ ሜትር ከተለየ አይሆንም፤ አስገድዶ ማሰርም መንገድ ላይ እግሩ እንዲወልቅ መፍቀድ ነው። የጎማው ቁመት ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ክብደቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ጎማው ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅምም መታየት አለበት። የሚሻለው ከዚያው ሞዴል የወጣ ቸርኬ ፈልጎ መግዛት ነው። ከገዛችሁ በኋላ ሳትገጥሙት አትመኑት፤ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ አስራችሁ፣ ፍሬኑን ሳይነካ መዞሩን አይታችሁ መልሱት። ከኋላ ስታስቀምጡትም በገመድ ወይም በቀበቶ ጠፍራችሁ እሰሩት፤ ግጭት ቢፈጠር ያልታሰረ ጎማ ተወርውሮ ተሳፋሪውን ይመታል።

በእኛ መንገድ ላይ ስኮርታ የጋራ ንብረትም ነው ማለት ይቻላል። ኃይሉክስ ቆሞ ያየ የኃይሉክስ ሹፌር ሳይቆም አያልፍም፤ ክሪክ አለህ ይባላል፣ ጎማ ውሰድና መርሳ አስቀምጥልኝ ይባላል። ይህ የቆየ መረዳዳት ብዙ ሰው አድኗል። የሚሠራው ግን መኪናው በመስመሩ ላይ አምሳያ ሲኖረው ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ደጉ ሹፌር ቢቆምለትም የሚያውሰው ጎማ አይገጥምለትም። ለዚህም ነው የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ከሌላው ሰው ይልቅ የራሳቸው ስኮርታ ያስፈልጋቸዋል የምለው።

መግዛት ያልቻለስ? ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ክሪክና የጎማ መፍቻ ግዙ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ያለ ስኮርታ ከሚመጣ መኪና ብዙ ጊዜ ክሪኩና መፍቻውም አብረው ቀርተዋል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው በተቸገረ ቀን ነው። ክሪክና መፍቻ ካለ ጎማው ይፈታል፣ ባጃጅ ላይ ይጫናል፣ ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ተወስዶ ተሠርቶ ይመለሳል። በመርሳና በወልዲያ ዙሪያ ይህ መላ ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ክሪኩ የሚያርፍበትን ቦታ ከመመሪያው አስቀድማችሁ እወቁ፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ክሪክ ባልሆነ ቦታ ገብቶ ባትሪውን ቢጫነው ጉዳቱ ከጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

(አጭር የሙዚቃ ጣልቃ)

የጎሚስታ ልጆችን ሥራ ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቆርቆሮ ጥላ፣ መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ጎማ፣ ላዩ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ «ጎሚስታ»። ልጁ ጎማውን ግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀስ እያለ ያዞረዋል። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ያለበትን ቦታ ምልክት ያደርግበታል። በሁለት ብረት የጎማውን ከንፈር ከቸርኬው ያላቅቃል፣ ውስጡን ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ እፍ እያለ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ፓቹን ለጥፎ ይቀጠቅጠዋል። መልሶ ሲነፋው ጣቱን በምራቁ ያርስና ቫልቩ አፍ ላይ ያደርጋል፤ ምራቁ አረፋ ካልሠራ፣ «አብሽር፣ ጨርሰናል» ይላችኋል።

ለዚህ ልጅ መጠገኛ ፈሳሽ የገባበት ጎማ ይዛችሁለት ስትሄዱ ሳትነግሩት አትስጡት። ጎማው ሲከፈት ያ ነጭ ነገር ይዘረገፋል፤ የውስጡን ላስቲክ ስለቀባው ማስቲሹ አይይዝም። ከነገራችሁት አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፍቆ ይሠራዋል። የአየር መጠን የሚናገር ሴንሰር ቸርኬው ውስጥ ካለም እሱን አብሮ እንዲጠርግ አስታውሱት፤ ፈሳሹ ከደፈነው ዳሽቦርዱ ላይ የሚነግራችሁ ቁጥር አይታመንም። ፈሳሹ ጊዜያዊ ነገር ነው። ጎማው አየር ያዘ ብሎ በዚያው ወር ሙሉ የሚነዳ ሰው ራሱንም የጫነውንም ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

ከጠርሙሱ ሌላ አንድ የጥገና ዓይነት አለ፤ ጎሚስታዎችም ይጠቀሙበታል። ሙጫ የጠገበ ወፍራም የላስቲክ ክር በመርፌ መሰል ብረት ተይዞ፣ ጎማው ሳይፈታ ከውጭ በቀዳዳው ይገባል፤ የተረፈው ጅራት ይቆረጣል። ከመነዳሪ ለሌለው ጎማ ጥሩ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ አንድ ፓኮ ብዙ ክር አለው። እኔ ከጠርሙሱና ከክሩ አንዱን ምረጥ ብባል ክሩንና አንዲት ደህና መንፊያ እይዛለሁ፤ ሦስት ቦታ ቢበሳ ሦስቱንም እሠራለሁ። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን እሱም አይሆንም፤ እዚያ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው።

ስኮርታ አለን የምትሉት ደግሞ፣ ያላችሁ ጎማ ነው ወይስ የጎማ ቅርፅ? ብዙ ስኮርታ በተፈለገ ቀን ራሱ ተንፍሶ ይገኛል። ጎማ ቆሞም አየር ያጣል፤ በወር አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ብታስቡት፣ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ስኮርታ ምን ላይ እንደሚደርስ ማስላት አይከብድም። ሌሎቹን በለካችሁ ቁጥር እሱንም ለኩት። ከመኪናው ጋር የመጣው ቀጭኑና ትንሹ ስኮርታ ከሆነ የሚፈልገው አየር ብዙ ነው፤ 4.2 ባር ወይም 60 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ፍጥነቱም ከ80 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ እሱን አስሮ ደሴ ደርሶ መልስ መሄድም አይገባም። ዕድሜውን ለማወቅ የጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ አንድም ቀን መሬት ባይነካም ላስቲኩ ደርቋልና አትመኑት። ጥርሱ ያለቀውን ጎማ አውጥቶ ስኮርታ የማድረግ ልማድም አለ። ያ ጎማ የሚታሰረው ምናልባት ክረምት ላይ፣ ዝናብ ባረጠበው ቁልቁለት ላይ ይሆናል።

ሃይኤስና ኃይሉክስ የምትነዱ፣ ስኮርታችሁ ከሥር የተንጠለጠለ ስለሆነ ጭቃና አቧራ ይጠጣል፤ ማውረጃው ዝጎ አልላቀቅ ይላል። በደህና ቀን አውርዱት፣ ግሪስ ቀቡት፣ መልሱት። ጠርሙስ የያዛችሁም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ነው፣ ሲያልፍ ፈሳሹ ይጓጉላል። ያገለገለ መኪና የገዛችሁማ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬውኑ እዩት።

ስለ አየር ከተነሣ አይቀር አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ደሴ በብርድ የተነፋ ጎማ ወደ መርሳና ቆቦ ሙቀት ሲወርድ አየሩ ይሰፋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 2 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ከፍ ይላል፤ መንገዱም ራሱ ጎማውን ያግለዋል። ይህን ያዩ ሹፌሮች ጎማው እንዳይፈነዳ ብለው ቆላ ሲደርሱ አየር ያስተነፍሳሉ። ይህ ተቃራኒውን ነው የሚያመጣው። አየሩ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። በር ላይ የተለጠፈው የአየር መጠን ሙቀቱን አስቀድሞ ያሰበ ነው፤ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ለክታችሁ ሙሉትና ቆላ ስትደርሱ አትንኩት።

መኪና የሌላችሁ አድማጮቻችንም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ከመርሳ ወልዲያ ወይም ከወልዲያ ላሊበላ በሚኒባስ ስትሳፈሩ፣ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ረዳቱን፣ «ወንድሜ፣ ስኮርታ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ነውር የለበትም። ያረገዘች እናት፣ የታመመ ሰው፣ ፈተና ያለበት ተማሪ በዚያ መኪና ውስጥ አለ። ተሳፋሪ የሚጠይቅ ከሆነ ባለንብረቱም ስኮርታውን ነፍቶ ይልከዋል።

በመጨረሻ ጎማ ስለ መቀየር። ኩርባ ላይ አትቁሙ፤ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ። አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይቁም። ከሚቀየረው ጎማ በሰያፍ ባለው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ። ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ግማሽ ዙር አላሉ፤ ተነሥቶ ሳለ ከታገላችሁት ክሪኩ ይወድቃል። ሲነሣ ስኮርታውን በጎኑ ከመኪናው ሥር አጋድሙት፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። ማንም ሰው ከሥር አይግባ፣ እጁንም አያስገባ። ዳዶዎቹን ስታጠብቁ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላም ቆማችሁ መልሳችሁ ፈትሹ።

ለሚመጣው መኪና ምልክት ይሆን ዘንድ መንገድ ላይ ቅጠልና ድንጋይ የምናደርግ ብዙ ነን። የሚያንጸባርቀው ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ካላችሁ እሱን ከኋላም ከፊትም አቁሙ፤ ከሌለ ቅርንጫፍ ይሻላል። ድንጋይ ካደረጋችሁ ግን ጎማው ታስሮ፣ ክሪኩ ተጭኖ፣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ረዳቱ ሄዶ እያንዳንዱን ያንሣ፤ ከቦዩ ማዶ ይወርውረው። ማታ ላይ በኩርባው የሚመጣው ባለሞተር ወይም ባለባጃጅ ያንን ድንጋይ የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ለዛሬ ያዘጋጀሁላችሁ ይህ ነበር። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ፍሬን፣ በተለይም ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለምን እንደሚግልና ሹፌሩ በማርሽ እንዴት እንደሚይዝ እናወራለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)